«ሽንት ቤት አትጠይቅም»፦ ከምሥራቅ ጎጃም አንድ የጉዳይ ጥናት

በኅዳር 2011 ዓ.ም. አንዲት የአምስተኛ ክፍል መምህርት ስለ ተማሪዋ የሞላችውን ቅጽ ተቀብዬ እዚያው ቆሜ አነበብሁት። «የግል ንጽሕና» ከሚለው ረድፍ ፊት ለፊት በሚያምር የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ችግር የለባትም። ሽንት ቤት እንኳን አትጠይቅም።»

የተጻፈው ለምስጋና ነው። ከስድሳ በላይ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ከመቀመጫው የማይነሣ፣ እጁን አውጥቶ «ልውጣ» የማይል ልጅ ጨዋ ይባላል። እኔም ለጊዜው «ጎሽ፣ አንድ ችግር ተቃለለ» ብዬ ነበር፤ አልዋሽም። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከከተትሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ልጅቱ 13 ዓመቷ ነው፤ በእግሯ አትሄድም፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከቤቷ ወጥታ የምትመለሰው 7 ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሽንቷ የማይመጣ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ናት?

የምሠራው ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቁ የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። ተዘዋዋሪ የልዩ ፍላጎት መምህር ይሉኛል፤ አንድ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ላይ ተመድቤ በጉድኝቱ (ማዕከሉን በሚጋሩት አጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሥር ያሉትን እየዞርሁ አያለሁ። ዙረቱ በእግር ነው፣ በባጃጅ ነው፣ አንዳንዴም እህል በጫነ መኪና ላይ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ የልጅቱንም መለያዎች ለውጫለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ እሷና እናቷ ፈቅደዋል። ረቂቁን ባነበብሁላቸው ጊዜ ልጅቱ ሁለት ቦታ አስቆርጣኛለች።

ጉዳቷ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። አእምሮ ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ የእንቅስቃሴንና የሰውነት አቋምን ቁጥጥር ያውካል። የአእምሮው ጉዳት በራሱ እየባሰ አይሄድም። እሷን የያዛት ሁለቱን እግሮቿንና ቀኝ እጇን ነው። እግሮቿ ይገትራሉ፤ ስትደነግጥ ወይም ሲበርዳት ጉልበቶቿ ተጣብቀው እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቀኝ እጇ እንደ ተጨበጠ ይውላል። ግራ እጇ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው፤ በእሱ ትጽፋለች። ንግግሯ ይዘገያል፤ ታግሦ ለሚሰማት ሰው ግን ቃል አትስትም። በሒሳብ ከክፍሉ የሚበልጧት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። የምትቀመጥበት ዊልቸር በእርዳታ የመጣ የአዋቂ ወንበር ነው፤ ስፋቱን ስለካው 64 ሴንቲ ሜትር ሆነ። መሀሉ ላይ ስትቀመጥ በግራና በቀኝ ሁለት ደብተር የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ወደ ቧንቧው ሲሮጡ እሷ ከንፈሯን በምላሷ ታርሳለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ በደጋ ብርድ የማይሰነጠቅ ከንፈር ስለሌለ ማንም ልብ አላለውም። ጓደኛዋ ቆሎ ዘገነችላት። ሦስት ፍሬ ቆረጠመችና የቀረውን መለሰችላት።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድሁ። እናቷ ቡና እያፈላች ነገረችኝ። «ማታ ከራት ጋር አንድ ጣሳ ትጠጣለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ነገ 7 ሰዓት ጠብታ ውኃ በአፏ አይዞርም። እኔ አይደለሁም ያስተማርኋት መምህር፣ ይመኑኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን አምልጧት ልብሷ ርሶ መጣች። ከዚያ ወዲህ ነው የጀመረችው።» በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስዳታለች፤ ካርዷ ላይ ሦስቱም ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተጽፏል። «ብርድ እየመታት ነው» ትላለች እናት። ሆዷም በአራት በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚሄድላት፤ ያውም በስቃይ።

ነገሩ ሲገጣጠም እንዲህ ነው። ውኃ ያነሰው ሰውነት የሚያወጣው ሽንት ጥቂትና የወፈረ ነው። ለረጅም ሰዓት የተያዘ ሽንት ደግሞ ለጀርሞች መራቢያ ይሆናል። ሰገራም ይደርቃል፤ ቀድሞውንም ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው አንጀቱ ሰነፍ ነው። የደረቀው ሰገራ ፊኛን ሲጫን ሽንቱን አጥርቶ መጨረስ ያስቸግራል፤ የቀረው ሽንት እንደገና ሌላ ኢንፌክሽን ይጠራል። ልጅቱ ራሷን ከአንድ ውርደት ለማዳን ስትል በገዛ እጇ ታመመች። እኛ ደግሞ ጨዋነት ብለን መዘገብንላት።

ሽንት ቤቱን ሜትር ይዤ ለካሁት። በ2006 ዓ.ም. የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ለሴቶች ስድስት ክፍል አለው። መግቢያው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደረጃ አለ። በሩ 68 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ዊልቸር ቢገባ እንኳን አይዘጋም። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ቁጢጥ ማለት ለማትችል ልጅ ያ ቀዳዳ ገደል ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የተመቸ መግቢያ እንዲኖራቸው፣ ሽንት ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚሆን እንዲዘጋጅ ያዝዝ ነበር። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ሁለቱም አዋጆች ከሽንት ቤቱ ይቀድማሉ። ይህን ለርዕሰ መምህሩ ስነግረው «ቆርቆሮውን የመታው አናጢ አዋጅ አያነብም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን አናጢውን ያዘዘው ሰው ማንበብ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

የመጀመሪያው መላ የእኔ ነበር፤ በጊዜው ኮርቼበታለሁ። ከክፍሏ አምስት ጠንካራ ልጃገረዶች መረጥን፤ የሥርዓተ ጾታ ክበቧ ተጠሪ መምህርት አስተባበረች፤ ለእያንዳንዷ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ተራ ወጣላት። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። በሰልፍ ላይ ተጨበጨበላቸው። ዊልቸሩን ይገፋሉ፤ ተሸክመው ደረጃውን ያወጧታል፤ አንድ ፖፖ ገዝተን ስለ ነበር ግድግዳው ጥግ ያስቀምጧታል፤ ያለብሷታል። የወረዳ ሰዎች ለጉብኝት ሲመጡ ርዕሰ መምህሩ እየጠራ አሳያቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ አራት ቀን ቀረች። እናቷ «ሆዴን ታመምሁ ትላለች» አለች። ቤቷ ሄጄ ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ። ከሷ ጋር ማውራት ከተፈለገ ዝምታውን አለመቁረጥ ነው። ጥቂት ቆይታ እንዲህ አለችኝ፦ «ሰኞ ልብሴን ያወለቀችልኝ ልጅ ማክሰኞ አጠገቤ ተቀምጣ ጥያቄ ትመልሳለች። ማን ምን እንዳየብኝ ሳስብ ጥያቄው ይጠፋኛል።» ቀጥላም «ደግሞ በሰልፍ ላይ ተናገራችሁ» አለች።

መልስ አልነበረኝም። የሷን ገላ ለትምህርት ቤት ሁሉ አስታውቀን ስናበቃ አጨብጭበናል። ከአምስቱ ልጆች አንዷም ክፉ አልነበረችም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ስሕተቱ ቶሎ ይታየኝ ነበር። ለክፍል ጓደኛ ቦርሳ ማንጠልጠል፣ ዊልቸር መግፋት፣ ማስታወሻ ማዋስ ይገባል። ገላን መንካት ግን የእኩያ ሥራ አይደለም። እኩያነቱ ራሱ ይፈርሳል። ተራውን በዚያው ሳምንት አስቆምሁ። ለአምስቱ ልጆች የነገርኋቸው «ሥራችሁን ጨርሳችኋል፤ አመሰግናለሁ» ብዬ ብቻ ነው። ምክንያቱን መንገር ሌላ ሐሜት መክፈት ነበር።

ሁለተኛውን መላ የጀመርነው መጀመሪያ ማድረግ ከነበረብን ነገር ነው፦ እሷን በመጠየቅ። «ምን ላግዝሽ?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አልረዳም፤ ልጁ ሁሉ «ምንም» ነው የሚለው። «የትኛውን ራስሽ ትችያለሽ?» ስላት ነው የተፈታችው። ታኅሣሥ ላይ በቤታቸው ከእናቷ ጋር ሞከሩት፤ እኔ ደጅ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ እናት እየወጣች የሆነውን ትነግረኛለች። የተገኘው ነገር ሁላችንንም አስገረመን። ቀኝ ጎኗን የሚደግፍ ነገር ካገኘችና እግሯ መሬት ከረገጠላት፣ በግራ እጇ ራሷን ማጽዳት ትችላለች። የማትችለው ሦስት ነገር ብቻ ሆነ፦ ከዊልቸሩ ወደ መቀመጫው መሻገር፣ ከኋላ ያለውን ልብስ ዝቅና ከፍ ማድረግ፣ ውኃ አንሥቶ ማፍሰስ። ሌላው ሁሉ አቅም ማጣት መስሎን የኖረው የቤቱ አሠራር ነበር።

አንድ አናጢ ከባሕር ዛፍ ቀዳዳ ያለው ወንበር ሠራልን። የመጀመሪያው ወለም ዘለም የሚል ነበር፤ ሁለተኛውን እግሮቹን ወደ ውጭ አስፍቶ፣ ክንድ ማሳረፊያ ጨምሮ፣ መቀመጫውን እንዳይወጋት በደንብ ላገው። ዙሪያውን በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለበጥነው፤ ይለሰልሳል፣ ይታጠባልም። ከመሬት እስከ መቀመጫው ያለውን ከፍታ የዊልቸሩን መቀመጫ አስለክተን ከሱ ጋር አስተካከልነው፤ ከፍና ዝቅ ያለ እንደ ሆነ መሻገሩ ትግል ይሆናል። በስተቀኝ በኩል ሁለት ወፍራም እንጨት መሬት ውስጥ ተተክሎ የውኃ ቱቦ ብረት ተገደመበት፤ በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ መደገፊያ መምታት ልጅን ለመውደቅ መጋበዝ ነው። በስድስቱ ክፍሎች ጫፍ ያሉትን ሁለቱን የሚለየውን ቆርቆሮ አንሥተን አንድ ሰፊ ክፍል አደረግናቸው፤ በሩን 90 ሴንቲ ሜትር አድርገን ወደ ውጭ እንዲከፈት ገለበጥነው። የክበቧ ተጠሪ «ለአራት መቶ ሴት ልጅ ከነበረው ስድስት ክፍል አንዱን ወሰዳችሁ» ብላ ተቆጣች። ልክ ነበረች። ይህ ጉዳይ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ አልተፈታም ነበር።

መወጣጫው የተሠራው በደቦ ነው። ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት የሚለው ስሌት ለ24 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ መወጣጫ ይጠይቃል፤ ከፊት ለፊት ግን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ስላለ ቦታው ሁለት ሜትር ብቻ ነበር። አባቶች ተከራከሩ፤ አንዱ «ትንሽ ቢያዳልጥ ምን አለበት፣ ይገፏት የለም ወይ» አለ። በመጨረሻ ከጎን በኩል አዙረው በድንጋይና በአፈር ሞሉት። ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በፊት አለቀ። ጠላውን የልጅቱ አያት ነበሩ ያመጡት።

ከባዱ ነገር ቤቱ ሳይሆን ሰው ነበር። በትምህርት ቤቱ መዋቅር ለዚህ የሚሆን መደብ አልነበረም። ሁሉም ዓይን ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረ። በወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ «ለነፍስሽ ይሆንሻል፤ ጽድቅ ነው ልጄ» አሏት። ሴትዮዋ ተነሥታ «አባቴ፣ ጽድቁን ከቤተ ክርስቲያን አገኘዋለሁ። ይኸ ሥራ ነው» አለች። ስብሰባው ተንጫጫ፤ እኔ ግን በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ንግግር እሱ ነው እላለሁ። በጽድቅ የተያዘ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ሲደክመው ይቋረጣል፤ ተቀባዩም ቅር ሲለው አፍ አውጥቶ መናገር አይችልም። ምጽዋት ላይ እንዴት ቅሬታ ይቀርባል? ከብዙ ክርክር በኋላ ከግቢው የሣር ሽያጭ ከሚገኘው የውስጥ ገቢ በወር 300 ብር እንዲከፈላትና ከጽዳት ሥራዋ ሁለት ክፍል እንዲቀነስላት ተወሰነ። ልጅቱም ተጠይቃ «እትዬ ትሁንልኝ» አለች። እንዲህ የመረጠችበትን ምክንያት ኋላ ነገረችኝ፦ «ወሬ አታበዛም።»

ጽዳት ሠራተኛዋን ማሻገር ያሰለጠነቻት ከከተማ ያመጣናት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ሁለት ጠዋት ፈጀ። ዊልቸሩ ከመቀመጫው ጎን ትንሽ አግድም ብሎ ይቆማል፤ ፍሬኑ ይያዛል፤ የእግር ማሳረፊያው ይታጠፋል፤ ጫማዋ መሬት መንካቱ ይታያል። ከዚያ መያዝ ነው። ሁላችንም በብብቷ ገብተን እንይዛት ነበር፤ ባለሙያዋ ግን ይህ ትከሻን እንደሚያወልቅ አስጠነቀቀችን። የከተማ ሆስፒታል ለዚህ የሚሆን ሰፊ ቀበቶ አለው፤ እኛ የለንም። ጽዳት ሠራተኛዋ ትንሽ አሰበችና ከወገቧ ላይ መቀነቷን ፈታች። በልጅቱ ወገብ ሁለት ዙር ጠመጠመችው፤ ጫፉን ወሸቀችና በሁለት እጇ ጎንና ጎኑን ያዘች። ባለሙያዋ ሳበችው፣ ፈተሸችው፣ «ከእኛው ይሻላል» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷ ለዚሁ የሚሆን መቀነት ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጥላታለች።

እግሯ ሲገትር መጎተት እንደማይገባም ያኔ ተማርን። የገተረን እግር በጉልበት ቢስቡት ይብሳል። ጉልበቷን ቀስ ብሎ አጥፎ፣ ሰውነቷን ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ መጠበቅ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ቀዝቃዛ ውኃ ገላዋን ሲነካት ወዲያው ስለምትገትር ጥበቃው እሳታቸው ላይ ማንቆርቆሪያ መጣድ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። 4 ሰዓት ሲሆን ለብ ያለ ውኃ በሩ ላይ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን ማንኛችንም አላሰብነውም ነበር። በእኛ አገር ቀኝ እጅ ለማዕድ ነው፤ ግራው ለሌላው። እሷ ያላት አንድ እጅ ነው፤ ያውም ግራው። በእሱ ትጽፋለች፣ በእሱ ትበላለች፣ በእሱ ታጸዳለች። ከልጆች ጋር አብራ ቆሎ እንኳን የማትዘግነው ለዚህ ኖሯል። አንድ እጅ ብቻ ደግሞ ራሱን እንዴት ይታጠባል? ሁለት እጅ ያለን ሰዎች እጃችንን የምንታጠበው በሌላው እጃችን ነው። መላውን ያመጣችው እናቷ ናት፦ ሳሙናውን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከታ ከእንጨቱ ጋር አሰረችው። ልጅቱ በረጠበ እጇ ካልሲውን ታሸዋለች፤ ከጎኑ ደግሞ ጀርባው በእንጨቱ ላይ የተመታ የልብስ ብሩሽ አለ፤ መዳፏንና ጥፍሯን በእሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ታስኬዳለች። ጄሪካኑ ቧንቧ ተገጥሞለታል። ይህ ከተሠራ ከሳምንት በኋላ መምህርቷ «ዛሬ ቆሎ ዘገነች» ብላ ደወለችልኝ።

ልብሱንም ነካነው። ብርዱ ስለሚያስገድድ ከደንብ ልብስ ቀሚሷ ሥር ሱሪ ትለብስ ነበር፤ ያን ሁሉ ማውለቅ ብቻ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ልብስ ሰፊው ቀሚሷን ከኋላ ተከፍቶ በሚደራረብ ሌላ ቀሚስ ለወጠው፤ ሱሪው ቀርቶ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ካልሲና የሱፍ ጋቢ ተተካ። የውስጥ ሱሪዋም በጎን የሚታሰር ሆነ። በጥር የመጀመሪያው ቀን ጉዞው ሁሉ 25 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከደወሉ አሥር ደቂቃ ቀደም ብላ እንድትወጣ ተደረገ። ግቢው ባዶ ይሆናል፤ የሚያያትም የለም። መጋቢት ላይ ሰዓቱ ወደ 11 ደቂቃ ወርዶ ነበር።

ጠዋት ስትነሣ አንድ ብርጭቆ፣ በዕረፍት አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት ጀመረች። መጀመሪያ አላመነችንም። «ከጠጣሁ በኋላ እትዬ ባትመጣስ?» ትል ነበር። በዐቢይ ጾም እናቷ ማታ ማታ ተልባ በውኃ በጥብጣ ሰጠቻት፤ ሆዷም ተፈታ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 17 ቀን ቀርታ ነበር፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 5 ቀን። ከአምስቱ ቀን ሁለቱን የቀረችው በእኛ ጥፋት ነው።

መጋቢት ውስጥ ጽዳት ሠራተኛዋ ቀብር ሄደች። ተተኪ አላዘጋጀንም ነበር። ልጅቱ ግን እንደ ወትሮዋ ጠጥታለች። አንዲት መምህርትና አንድ ተማሪ በደግ ልብ ተጣድፈው በእጆቿ ጎትተው አነሷት፤ ቀኝ ትከሻዋ አበጠ፤ ሁለት ቀን ቤት ዋለች። የፈራችው ነገር ደረሰ። ከዚያ በኋላ የክበቧ ተጠሪ መምህርት ሁለተኛ ረዳት ሆና ሰለጠነች፤ ስትመጣም «ክፍል ስለወሰዳችሁብን ቅያሜዬ አልወጣም» ብላ ነው የመጣችው። ሁለቱም የማይኖሩበት ቀን ካለ እናቷ ማለዳ በስልክ እንድታውቅ ተስማማን።

በዚያው ሳምንት ልጅቱ አንድ ገጽ ጻፈች። ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ በደብተሯ የኋላ ሽፋን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በፈቃዷ የተወሰነውን ልጥቀስ፦

«ከመንካትሽ በፊት ንገሪኝ። እግሬ ሲገትር አትጎትቺው፤ ጉልበቴን አጥፈሽ ጠብቂ። አንድ ሁለት ሦስት ብዬ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ከተቀመጥሁ በኋላ ፊትሽን አዙሪ። ካልሆነልኝ እጠራሻለሁ። በሩ ይዘጋ፤ አይቆለፍ። ስለ እኔ ለሰው አታውሪ፤ ለመምህርም ቢሆን።»

የመጨረሻው ለእኔ ነው። ባለሙያ ነኝ ብዬ በየሳምንቱ ጽዳት ሠራተኛዋን «እንዴት ነው፣ ሄደላት?» እያልሁ እጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቱን ራሷን እጠይቃለሁ፤ «ደህና» ካለችኝ ይበቃኛል። በሩ ይዘጋ፣ አይቆለፍ የሚለው ደግሞ ከአዋቂዎቹ ጋር የተስማማንበት የጥንቃቄ ደንብ ነው፤ ሌላ ሴት ሠራተኛ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ትኖራለች።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የወር አበባዋ መጣ። ይህን አስቀድመን ስላሰብንበት ቦርሳዋ ውስጥ ሞዴስና ቅያሪ የውስጥ ሱሪ ነበር። ሞዴሱ የሚቀየረው ሽንቷን ከጨረሰች በኋላ እዚያው ተቀምጣ ነው፤ ያገለገለው በወረቀት ተጠቅልሎ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ጉድጓዱ ውስጥ አይጣልም። እዚህ ድረስ ሥራው ቀላል ነበር።

እናቷ ግን ለብቻዬ አነጋገረችኝ። «መምህር፣ ይኸን ነገር የሚያስቀር መርፌ አለ አሉ። የሦስት ወሩ።» እኔ ወንድ ነኝ፤ መልሱም የእኔ ስላልሆነ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራ አዋላጅ ነርስ ወሰድኋት። ነርሷ መርፌውን አልነቀፈችም፤ አላመሰገነችምም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ ከመቅረት ይልቅ ቀን ሳይጠብቅ ሊመጣ እንደሚችል፣ መድኃኒቱ የአጥንትን ጥንካሬ እንደሚቀንስ፣ ቆማ የማትሄድ ልጅ አጥንት ደግሞ ቀድሞውንም ደካማ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ «ችግሩ ደሙ ነው ወይስ ሌላ የሚያስፈራሽ አለ?» አለቻት። እናት ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ አለቀሰች። «እኔ ገበያ ስውል ብቻዋን ናት። አንድ ሰው ቢደርስባት ማን ያስጥላታል?»

መርፌው ከዚያ አያድናትም፤ እርግዝናን ቢከለክል እንጂ ሰውየውን አይከለክልም። ነርሷ ይህን በለዘበ ቃል ነገረቻት። ገበያ ቀን ልጅቱ አክስቷ ዘንድ እንድትውል ተደረገ። ልጅቱም ለብቻዋ ተጠየቀች፤ መርፌውን አልፈለገችም። እናቷ ነገሩን ከዚያ በኋላ አላነሣችውም፤ ሐሳቧ ግን ከቦታው የተነቃነቀ አይመስለኝም፤ አልፈርድባትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበል። በ2012 የሣሩ ገንዘብ ለጣሪያ ጥገና ዋለና ሁለት ወር 300 ብሩ ተቋረጠ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ «እኔ አልቀርባትም፤ ዕዳውን ግን ጻፉልኝ» አለች፤ ተጻፈ፤ ተከፈለም። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። በ2013 ሲከፈት ልጅቱ በቁመት አድጋ ስለነበር የባሕር ዛፉ ወንበር አጥሯት ተገኘ፤ አናጢው እግሩን ቀጠለበት። ባሕር ዳር ካለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል በልኳ የሆነ ዊልቸር አገኘች፤ ስፋቱ 58 ነው። በአዲሱ ወንበር ብብትና ትከሻዋ ነፃ ስለሆነ ከብረቱ ተደግፋ ግማሹን ራሷ ትሻገራለች።

በ2014 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። በዚያው ዓመት፣ በተከታዩ ዓመት ወደምትገባበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ሽንት ቤቱን ለካሁና ለሷ ልነግራት መጣሁ።

«በሩ ስንት ነው?» አለች።

«70።»

«የእኔ 58 ነው፤ እገባለሁ። ወዴት ይከፈታል?»

«ወደ ውጭ።»

«ውስጡስ? መዞሪያ አለው?»

አልለካሁትም ነበር።